ቃል የሌለው ፉከራ

ስለ አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ «ተመለሰ!» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ጋዜጣው ይላል፤ ሬዲዮው ይላል፤ የካፌው ተቺም ማኪያቶውን እያማሰለ ይላል። ለመሆኑ የተመለሰው ማነው? ከወዴትስ ነው የተመለሰው? ሰውየው ነው ወይስ የእኛ ጆሮ? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ባንድ ዘመን ብርቱ የነበረ ድምፅ በሌላው ዘመን ለስልሶ፣ በሦስተኛው ደግሞ እንደገና ቢበረታ፣ የዚያ ድምፅ መንገድ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ብቻ ሊሆን አይችልም። የኅብረተሰቡም ታሪክ ነው።

እዚህ የማነሣው የሳክስፎን ተጫዋቹን የጌታቸው መኩሪያን ነገር ነው። ክርክሬ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጌታቸው ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ከሆላንድ ሮከሮች ጋር ገጥሞ ያሰማው ከባድ ድምፅ ከፈረንጅ የተበደረው አይደለም። የሰሜን ሸዋ ፉከራ ነው፤ ቃሉን ጥሎ ክብደቱን ብቻ ያስቀረ ፉከራ።

ሁለት ማሳሰቢያ ላስቀድም። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ፤ ሸክላዎቹ የሚቆጠሩት በዚያ ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ «አንቱ» የምትለዋን ትቻታለሁ። አክብሮት ጎድሎኝ አይደለም፤ ሕዝብ የሚወደውን ተጫዋች «እሱ» ስለሚል ነው።

ደጋውና ጉሮሮው

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ሲወጡ አገሩ እየተነሣ፣ ዛፉ እየሳሳ፣ ብርዱ እየበረታ ይሄዳል። መንዝ ይኸ ነው፦ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የተከፈለ፣ ብዙው ስፍራ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ የሆነ የገብስና የበግ አገር። ሰዉ የበጉን ጠጉር አስፈትሎ ባና ያሠራል፤ ያንኑ ባና ተከናንቦ ነው ውርጩን የሚያሳልፈው። ከመንዝ ወደ ሰሜን ግሼ አለ። ወደ ምዕራብ በጃማና በወንጪት ገደሎች የታጠረው መርሐቤቴ አለ። ወደ ምሥራቅ ግን ደጋው ባንዴ ይቆረጥና ከገደሉ ሥር ይፋት ይዘረጋል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ገብሱ በማሽላ ይተካል። ጌታቸው መኩሪያ በ1935 የተወለደው እዚያ፣ ይፋት ነው።

«ታዲያ ይፋትን ከመንዝ ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ነገር ያገናኘዋል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ከመንዝ የተነሣው የነጋሲ ክርስቶስ ዘር ቁልቁል ወደ ይፋት ወርዶ ነው አንኮበርን መናገሻ ያደረገው። ደገኛውና ቆለኛው በገበያ ይገናኛል፤ በጋብቻ ይጋመዳል፤ ክተት ሲታወጅም ባንድ ይነሣል። ክተት ባለበት ሁሉ ደግሞ ፉከራ አለ።

ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ የምንላቸው በየስማቸው ቢለያዩም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቀረርቶው ድምፁን ጎትቶ ያዜማል፤ ሽለላው ያነሣሣል፤ ፉከራው «ዘራፍ!» ብሎ ይቆማል። ፎካሪው ከመሐል ይወጣል። ጦሩን ወይም ጠመንጃውን ይሰብቃል፤ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አባቱንና አያቱን ይጠራል፤ የጣለውን ይቆጥራል። ከበሮ አይመታለትም፤ ክራርም ላያስፈልገው ይችላል። ያለው ትንፋሹ ነው። አንዱን ሐረግ ባንድ ትንፋሽ ያወጣዋል፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይርገበገባል፤ ሊሰበር ሲደርስ ይቆርጠዋል። ከዚያ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ከጩኸቱ ትብሳለች። የሚሰማው ሰው ጠጉሩ የሚቆመው በዝምታዋ ነው።

ፉከራ ለጦር ሜዳ ብቻ አልነበረም። በግብር አዳራሽ ጌታው ፊት ይፎከራል። በሠርግ ይፎከራል። ጀግና ሲሞትም በለቅሶው ላይ ጋሻውና ፈረሱ እየታየ ይፎከራል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ባጠናው መሠረት በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን አሳትሟል። በደጋው ባሕል ወንድነት ከጦረኛነትና መከራን ከመቻል ጋር እንዴት እንደተሳሰረም ጽፏል። ይህንን የመንዝ ሽማግሌ ሌቪንን ሳያነብ ያውቀዋል፤ ፉከራው ራሱ መማሪያው ነበርና።

ጌታቸው የተወለደበት ዓመት ደግሞ ጣልያን አገራችንን የወረረበት ዓመት ነው። የሸዋ አርበኞች በራስ አበበ አረጋይ መሪነት በእነዚሁ ተራሮችና ገደሎች አምስት ዓመት ተዋግተዋል። በሚያዝያ 1939 በዘረት አጠገብ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ስፍራ የተጠለለው ሕዝብ፣ አርበኛው ከነቤተሰቡ፣ በመርዝ ጢስ ተጨፍጭፏል። ጣልያን ሲወጣ ጌታቸው ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ በየለቅሶውና በየድግሱ ምን እየሰማ እንዳደገ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። የዚያን ትውልድ ፉከራ የሚፎክረው ከበረሃ የተመለሰው ሰው ራሱ ነበር። የሚቆጥረው ቁስል ገና አልሻረም።

ነሐሱ ወደ ሸዋ እንዴት ገባ?

አሁን ወደ ሳክስፎኑ እንሂድ። ነገሩ እንግዳ የሚሆነው እዚህ ላይ ነውና።

የነሐስ መሣሪያ ወደ ቤተ መንግሥታችን የገባው ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለምኒልክ በላከው ስጦታ ነው። ሁለተኛው እርምጃ በ1924 መጣ። ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ይዘው መጡና የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንድያን ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ አሠለጠነ።

ልብ በሉ፤ ነሐሱ የመጣው ለሰልፍ ነው። ሥራው ንጉሥ ሲያልፍ መንፋት፣ እንግዳ ሲመጣ መንፋት ነበር። እርምጃው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ነው፤ ሁሉም እኩል ይጀምራል፤ እኩል ያቆማል። ከፎካሪው የበለጠ ከዚህ የሚርቅ ምን አለ? ፎካሪው በማንም ምት አይገዛም። የሚጀምረውም የሚያቆመውም ደሙ ሲፈላና ትንፋሹ ሲያልቅ ነው።

ጌታቸው በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክስፎን ተሻገረ። በ1949፣ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ተቀጠረ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሲከፈት ወደዚያው ባንድ ገባ። በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ፤ እነ ሂሩት በቀለንና እነ ዓለማየሁ እሸቴን አጀበ። እንግዲህ ይህን የሥራ ታሪክ ብቻ ላነበበ ጌታቸው ደንበኛ የባንድ ሠራተኛ ነው፦ ደሞዝ፣ ዩኒፎርም፣ ኖታ።

ግን በ1950ዎቹ ይኸው ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አንድ ነገር አደረገ። ሽለላውን በሳክስፎን ነፋው። ቃል በቃል ልበል? ቃሉ እኮ የለም! የፎካሪውን የትንፋሽ ርዝመት፣ የጉሮሮውን መርገብገብ፣ ሊሰበር የሚቃጣውን የመጨረሻ ድምፅ፣ ያቺንም ዝምታ ወስዶ በቴኖር ሳክስፎን አፍ ላይ አስቀመጣት። ከኋላው ድራሙና ባዙ ምታቸውን ይመታሉ። እሱ ግን በምቱ ላይ አይራመድም። ከላይ ይንሳፈፋል፤ ይዘገያል፤ ድንገት ይወርዳል፤ ሲፈልግ ይጮኻል። የሰልፉን መሣሪያ ከሰልፉ አውጥቶ ወደ ግብር አዳራሹ መሐል ወረወረው ማለት ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ የታተመው ሸክላው ይህንን ይዟል። በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትሙ አሥራ አራተኛ ቅጽ አድርጎ አወጣው። ያን ጊዜ የውጭ ሐያስያን ድምፁን ከአሜሪካ «ነፃ ጃዝ» ጋር፣ ከእነ ኦርኔት ኮልማንና ከእነ አልበርት አይለር ጋር ማነጻጸር ጀመሩ። ማነጻጸሩ ክፉ አይደለም፤ ጆሮ ላለው ሰው መመሳሰሉ ይሰማል። ይሁንና ኮልማን ለዚያ የሙዚቃ ፈለግ ስም የሰጠውን ሸክላ የቀዳው በታኅሣሥ 1960 ነው። ጌታቸው ግን ሽለላውን መንፋት የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። መንገዳቸውም የተለያየ ነበር። አሜሪካኖቹ ከነበረው ሕግ ለመውጣት ሲታገሉ ወደዚያ ደረሱ። ጌታቸው ግን ከሕግ አልወጣም፤ የሚያውቀውን ሕግ ተከተለ። ለእሱ ነፃነቱ አዲስ ግኝት ሳይሆን የአያት ርስት ነበር።

መለስለስ

ከ1974 አብዮት በኋላ የሆነውን ሁላችንም በየቤታችን ሰምተነዋል። ሰዓት እላፊ ታወጀ። የሌሊቱ ጭፈራ ቤት ወይ ተዘጋ ወይ ደንበኛውን እስኪነጋ ቆልፎበት አደረ። የግል ሸክላ አሳታሚነትን በ1969 የጀመረው አምሃ እሸቴ በ1975 ከአገር ወጣ። በአሥርቱ ዓመት ማብቂያ ላይ የሸክላው ዘመን አልቆ የካሴት ዘመን ገባ።

ካሴት ርካሽ ነው፤ ገጠር ድረስ ይዘልቃል፤ ይህን ውለታውን አልክድም። ግን ከካሴቱ ጋር ሌላ ነገርም መጣ። አሥራ ሁለት ሰው ያለበትን የነሐስ ባንድ ማን ይቀልበዋል? አንድ ኪቦርድ የጥሩምባውንም፣ የሳክስፎኑንም፣ የቫዮሊኑንም ድምፅ ያወጣል። የከበሮ ማሽን አይደክምም፤ ደሞዝም አይጠይቅም። በ1980ዎቹ ነሐሱ እያነሰ፣ እየሟሸሸ ሄደ፤ የካሴቱ ድምፅ ጣፋጭና ለስላሳ ሆነ። ከዚህ ውስጥ ቆንጆ ሥራ አልወጣም ለማለት አይደለም፤ ብዙ ወጥቷል። ክብደቱ ግን ጠፋ። ኪቦርድ ትንፋሽ አያጥረውም። ትንፋሽ የማያጥረው መሣሪያ ደግሞ ሽለላ አያውቅም፤ የሽለላው ጭንቅ «ይችን ሐረግ እጨርሳታለሁ ወይስ አልጨርሳትም?» የሚለው ነውና።

ፉከራው ራሱ ግን አልጠፋም። መንግሥት ወሰደው። በ1977 የሶማሊያ ጦር ሲገባና የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ፣ ቀረርቶና ሽለላ የሬዲዮው የዕለት እንጀራ ሆኑ። የኪነት ጓዶች በየቀበሌውና በየክፍለ ጦሩ ይሸልሉ ነበር። ወራሪን ለመመከት የተደረገ ስለሆነ ብዙው ሰው ከልቡ አብሮ ሸለለ። ጦርነቱ አልፎም ግን ሽለላው ቀጠለ፤ እያደር ስብሰባ ማሟቂያ ሆነ። የጥንቱ ፎካሪ የሚፎክረው በገዛ ስሙ፣ ስለ ገዛ ሥራው ነው። በትእዛዝና በቡድን የሚፎከር ፉከራ ግን ከሰልፉ ነሐስ በምን ይለያል? ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ።

ስለዚህ በ1980ዎቹ ከባዱ ድምፅ በሁለት በኩል ተከበበ። ባንድ ወገን ኪቦርዱ አለሰለሰው፤ በሌላ ወገን ድምፅ ማጉያው አረከሰው።

እዚህ ላይ ሌላውን የሰሜን ሸዋ ልጅ ባላነሣ ደግ አይሆንም። ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ። ከዋሊያስ ባንድ ጋር በሂልተን ሆቴል ሲጫወት ከኖረ በኋላ በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ ረጅም ዘመን በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ደንበኛ ሲጠብቅ እየተለማመደ ኖረ። ያንን ካሴት አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበሙን አወጣ። እንግዲህ አያችሁ፤ የኃይሉ መመለስ ወደ ለስላሳው፣ ወደ ብቸኛው፣ ወደ ትዝታው ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ በለሰለሰው ዘመን መሣሪያ ራሱን አገኘ። መሣሪያው ብቻውን ጥፋተኛ እንዳልሆነ ኃይሉ ምስክር ነው። ጌታቸው ግን የሚመለስበት ሌላ ቦታ ነበረው።

አምስተርዳም ላይ «ዘራፍ!»

ዘ ኤክስ የሚባለው የሆላንድ ባንድ በ1979 የተቋቋመ የፓንክ ባንድ ነው። ፓንክ ማለት ባጭሩ፣ በ1970ዎቹ የሮክ ሙዚቃ ሲሰባና ሲሽቀረቀር የተናደዱ ወጣቶች ያመጡት ጥሬ ሮክ ነው። ጊታሩ ይፋጫል፤ ከበሮው ይደበደባል፤ ዘፋኙ ይጮኻል። ዘ ኤክስ በ2002 ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ ተጫውቷል። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን አምስተርዳም ላይ ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘው።

ከዚያ የሆነው ለክርክሬ ዋናው ማስረጃ ነው። «ና አብረን እንሥራ» ብለው የጠየቁት እነሱ አይደሉም። ሲጫወቱ ሰምቷቸው «አጃቢዬ ሁኑ» ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። እስቲ አስቡት፦ ሰባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ዕድሜውን ሙሉ በማዘጋጃ ቤት፣ በቲያትርና በፖሊስ ባንድ የኖረ፣ ኖታ የሚያውቅ ሽማግሌ፣ በዚያ ሁሉ የተጣራ ጃዝ በሞላበት አውሮፓ ውስጥ ጨዋውን ባንድ ትቶ ጯሂውን መረጠ። ለምን?

እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ጉሮሮው ላይ ነው። የዘ ኤክስ ጊታሮች ዜማውን አያሰማምሩለትም፤ ይጋፉታል። ከበሮ መቺዋ ካትሪና ቦርንፌልድ ምቱን እንደ ማሽን አታስኬደውም፤ ታንቀጠቅጠዋለች። ፎካሪ የሚፈልገው ደግሞ ይኸንኑ ነው። ፎካሪ ለብቻው አይፎክርም። ዙሪያውን የሚያጉረመርም፣ የሚያነሣሣ፣ «በለው!» የሚል ሰው ይሻል። ጌታቸው በእነዚያ ፈረንጆች ውስጥ አዲስ ሙዚቃ አላየም፤ የግብር አዳራሹን ግርግር አየ እንጂ።

በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለው አልበማቸው ወጣ። ውስጡ «ቼ በለው» የተባለ ሽለላ አለ፤ «ቼ በለው» ፈረስን ለግልቢያ መቀስቀስ መሆኑን የማያውቅ የለም። አልበሙን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከታተመው ሸክላ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ብትሰሙት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል። በሸክላው ላይ አጃቢው ጨዋ ነው፤ ሳክስፎኑ ብቻውን አውሬ ነው። በአዲሱ ላይ ሁሉም አውሬ ነው። መድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ካባውን ደርቦ እንደ አርበኛ ይወጣ ነበር። አብረው አውሮፓን ዞሩ። በነሐሴ 2008 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር የተጫወተውን በዚያ የነበረው ሐበሻ ያስታውሰዋል። በ2012 ሌላ አልበም ተከተለ። ጌታቸው ሚያዝያ 4 ቀን 2016 አዲስ አበባ ላይ እስካረፈ ድረስ ያ ድምፅ አልለሰለሰም።

ሁለት ክሶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ክሶች ይቀርባሉ፤ ሁለቱም ተራ አይደሉም።

አንደኛው «ፈረንጅ እስኪያደንቀው ድረስ የት ነበርን?» የሚለው ነው። ያማል፤ እውነትም ነው። ሸክላውን አፈላልጎ ያሳተመው ፈረንሳዊ ነው፤ መድረኩን የሰጠው ሆላንዳዊ ነው። ግን መድረክ መስጠትና ድምፅ መስጠት ይለያያሉ። ድምፁ ከእነሱ አልመጣም። ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአምስተርዳሙ ታዳሚ ያንን ሽለላ ሲሰማ ኃይሉን ይሰማል እንጂ የዘረትን ዋሻ አይሰማም። ክብደቱን ያገኛል፤ ክብደቱ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። እሱ ባያውቅ አንፈርድበትም። እኛስ እናውቃለን?

ሁለተኛው ክስ የደም ክስ ነው። ፉከራ ገዳይን ያወድሳል፤ ሟች ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዕድ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ከ2020 ጀምሮ በሰሜን የሆነውን አይተናል። ከ2023 ወዲህም የአማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋንም ጨምሮ፣ በግጭት ውስጥ መግባቱን አንባቢ ያውቀዋል። በዚህ ዘመን ስለ ፉከራ ውበት መጻፍ በሞቀ ፍም ላይ እንደ መጫወት ነው የሚል ጓደኛ አለኝ፤ ጓደኛዬ አልተሳሳተም።

እዚህ ላይ ነው የጌታቸው ሥራ የሚያስደንቀኝ። ነገሩ የበለጠ እንዲታየን ከሩቅ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ከከሰል ማዕድን ሸለቆዎቹ አንዱ ከሆነው ከዌልሱ ብላክዉድ የወጣ ማኒክ ስትሪት ፕሪቸርስ የሚባል የሮክ ባንድ አለ። በ1994 እጅግ ጨለማና ከባድ የሆነውን አልበሙን አወጣ። ከግጥም ጸሐፊዎቹ አንዱ ሪቺ ኤድዋርድስ በየካቲት 1995 ደብዛው ጠፋ፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። የቀሩት ሦስቱ በሚቀጥለው ዓመት በቫዮሊን ያጌጠ ለስለስ ያለ አልበም አውጥተው ትልቅ ዝና አገኙ። በ2009 ግን ጓደኛቸው ከመጥፋቱ በፊት ትቶላቸው የሄደውን የግጥም ወረቀት ገልጠው፣ በእሱ ቃል ብቻ ወደ ድሮው ሸካራ ድምፅ ተመለሱ። ሰውየው የለም፤ ቃሉ አለ። ክብደቱ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው።

የጌታቸው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰውየው አለ፤ ቃሉ የለም። ሳክስፎን «ገዳይ» አይልም። የማንንም አባት አይጠራም፤ የማንንም ጎሳ አያነሣም፤ ሬሳ አይቆጥርም። ፉከራውን ከነትንፋሹ፣ ከነቁጣው፣ ከነሐዘኑ ወስዶ ጠላቱን ብቻ አውጥቶታል። ይዘቱን ጥሎ ቅርፁን ያዘ እንበል? አይመስለኝም። እንዲያውም የፉከራው የመጨረሻ ይዘት ጠላቱ እንዳልነበረ አሳየን። ይዘቱ አንድ ሰው በሕዝብ መሐል ቆሞ «እኔ አለሁ፤ አልሰበርኩም» ማለቱ ነው። ጠላት ሲወጣለት ፉከራው ባዶ አልሆነም። ወደ ለቅሶ ተጠጋ። የጌታቸውን ሽለላ አጥብቃችሁ ስሙት፤ መጨረሻው ላይ የሚርገበገበው ድምፅ ድል ነው ወይስ እንባ? ለሽማግሌ ፎካሪም ይኸው ጥያቄ ቢቀርብለት መልሱ ቀላል አይሆንለትም።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አማረ ተብሎ አይዘጋም። ቃል የሌለው ዜማ በሬ እንደሌለው ቀንበር ነው፤ የፈለገ ሰው የፈለገውን በሬ ይጠምድበታል። ደርግ ጠምዶበታል፤ ነገም የሚጠምድበት አይጠፋም። ዜማውን ከዚህ የሚያድነው ዜማው ራሱ አይደለም። ከየት እንደመጣ፣ ማን በማን ላይ እንዳለቀሰበት የሚያውቅ ሰው ነው።

መመለስ እንግዲህ ምንድን ነው? ወደ ድሮ ልብስ መግባት አይደለም። ጌታቸው ወደ 1950ዎቹ አልተመለሰም፤ ያ ዘመን የለም። ድምፁ ወደ ወጣበት ምንጭ ሄደ፤ በመንገዱ ያገኘውን ጊታርም፣ ፈረንጅም፣ እርጅናም ይዞ ነው የሄደው። ምንጩ ደግሞ አምስተርዳም አልነበረም። ይፋት ነው፤ መንዝ ነው፤ ግሼና መርሐቤቴ ነው።

ምንጩ ግን እየደረቀ ነው። የአርበኞቹን ዘመን ፉከራ በጆሯቸው የሰሙ አዛውንት በየደብሩና በየቀዬው በጣት የሚቆጠሩ ሆነዋል። ከመካከላችን መንዝ፣ ግሼ፣ ዓለም ከተማ፣ ይፋት ዘመድ ያለው ብዙ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆንና ለክረምት አገር ቤት ስንገባ፣ በኪሳችን ባለው ስልክ የአያታችንን ፉከራ እንቅዳ። መቅዳት ብቻ አይበቃም። የፎካሪውን ስም፣ ቀዬውን፣ በምን ምክንያት እንደሚፎከር፣ ማን እንደሞተበት አብረን እንጻፍ። ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ሟቹም ይጻፍ። ያን ጊዜ የጌታቸውን ሳክስፎን ስንሰማ የጎደለውን ቃል እናውቀዋለን። ለምን እንደተወውም ይገባናል።